በሳምንት ሁለት መቶ ናፕኪን

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ታናሽ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ ሲያስቸግርህ የሰነበተው የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? ሙሽራይቱስ ደህና ናት? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ሁላችንም ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ትንሿ ልጄ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ በአንድ ሳምንት ወልቀውባት፣ አጎቴ ሰርግ ላይ አፌን እንዴት እከፍታለሁ እያለች ስታላቅሰን ሰንብታለች። ተይ ይበቅላል ብንላት ማን ሰምቶን።

በስልክ ሳይሆን በደብዳቤ መምጣቴ እንደሚገርምህ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ድምፄን ስትሰማ ምን ሆነሻል ትለኛለህ፤ እኔ ደግሞ ስጠየቅ መዋሸት አልችልበትም። ልጆች ሆነን ስኳሩን ማን እንደላሰው የሚታወቀው በኔ ፊት ነበር፤ የላስከው አንተ ብትሆንም። ደብዳቤ ላይ ግን የፈለግሁትን ጽፌ ያልፈለግሁትን እተዋለሁ። መጀመሪያ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ለሦስት መቶ ሰው የሚሆን ናፕኪን ምረጪልኝ ብለኸኝ ነበር። ሙሽራይቱ ነጭ ሆኖ የሁለታችሁ ስም በወርቅማ ቀለም የታተመበት እንደምትወድም ነግረኸኛል። በዚያው መልእክት መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ አሁንም ስለ ወረቀት እንደምታወራ ሁሉ፣ የአባባን ወንበር ለሌላ ሰው ስጪው ብለሃል። ያንን ካነበብኩ ወዲህ እንጀራው ሁሉ አፌ ውስጥ ይዞርብኛል። ለሁለቱም ነገር በዚህ ደብዳቤ እመልስልሃለሁ። አንድ ላይ የተያያዙ ናቸውና ትዕግሥት ይኑርህ።

እንደተጎዳህ አውቃለሁ። የላከልህን መልእክት አሳይተኸኛል። "አልመጣም። ደስ ይበላችሁ።" ሦስት ቃል፣ ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሳም። ለሰርጉ ልብስ ብለህ የላክህለትንም ጨርቅ ዓይኔ ደክሟል ብሎ መልሶልሃል። ዕድሜ ልኩን ለሰው ሙሽራ ሲሰፋ የኖረ ልብስ ሰፊ፣ የገዛ ልጁ ሲደርስ ዓይኑ ደከመ። አንተም ምክንያት ፈለግህለት። የሙሽራይቱ የፊተኛ እጮኛ ሰርጉን ዛሬ ነገ እያለ አራዝሞ አራዝሞ መጨረሻ ላይ ስለተዋት፣ ሌላ ሰው የተዋትን ነው የምታገባው ብሎ አባባ ንቋታል አልክ። አልፈርድብህም። እኔ ከአንተ የባሰ ነው የጠረጠርኩት።

ታውቀኛለህ መቼም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ከወተት ጋር ነው የጠጣሁት። ሥራዬም ይህንኑ አባሰብኝ። የድግስ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የሰው ቤት ምስጢር ሳይጠይቅ ይገባዋል። ደንበኛ ምን ዓይነት ናፕኪን እንደሚፈልግ ሲነግረኝ ምን ዓይነት ቀን እንዳለበት አውቃለሁ። መጠጥ ብቻ ከሆነ ብርጭቆ የምታቅፈዋ ትንሿ ትበቃለች፤ ምግብ ካለ ጭን ላይ የምትዘረጋዋን ትልቋን አወጣለሁ። እንግዳው ቆሞ የሚበላ ከሆነ ለአንድ ሰው ሦስት እቆጥራለሁ፣ ሰው ቆሞ ሲበላ ያስቀመጣትን አያገኛትምና። የሚስቱን እናት የሚጋብዝ ወንድ ውድ ውዱን ይነካካል፣ ከዚያ ርካሹን ይገዛል። አለቃውን የሚጋብዝ ቀለሙ ይለቃል ወይ ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። ለለቅሶ የሚገዛ ግን ቀለም አይመርጥም፤ ያነሳሁለትን ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ የዛሬ ሁለት ወር ገደማ፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ቀትር ላይ አባባ ሱቄ መጣ። በዚያ ሙቀት የሱፍ ሻርፕ እስከ አፍንጫው ድረስ ጠምጥሟል። ጉሮሮውን በጣቱ እያሳየ ብርድ መቶኛል የሚል ምልክት ሰጠኝና ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አቀበለኝ። የሰው ቁመትና ወገብ በሚጽፍበት በዚያ በተስተካከለ እጅ ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ ብዙ የሚመጥ፣ ሲረጥብ የማይበጣጠስ፣ ቆሻሻ የማያሳይ፣ ሁለት እሽግ። እናታችን ካረፈች አራት ዓመት ሙሉ እጁን በፎጣ ጠርጎ ከገበታ የሚነሳ ሰው ናፕኪን መምረጥ ጀመረ። ለምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ትከሻውን ነቅንቆልኝ ሄደ። ሱቁ ውስጥ ያለውን ምርጥ ነበር የሰጠሁት፣ ጠቆር ያለውን ባለ ሦስት ድርቡን። ልቤ ግን ከኋላው ተከትሎት ወጣ።

በሳምንቱ መልእክት ላከልኝ፣ አራት እሽግ ይላል። በሚቀጥለውም ሳምንት አራት እሽግ። አንዱ እሽግ ሃምሳ ነው። ብቻውን የሚኖር፣ እንግዳ የማይወድ፣ ሻይ እንኳ በአንድ ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው በሳምንት ሁለት መቶ ናፕኪን ምን ያደርግለታል? በሙያዬ ለአንድ ሰው ሁለት ብዬ ሳሰላው በየሳምንቱ መቶ ሰው እያበላ ነው፣ እኛን ልጆቹን ሳይጠራ።

ልምጣ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቤቱን ቀለም እያስቀባሁ ነው፣ ሽታው ለልጆቹ ጥሩ አይደለም፣ ቆይ ብሎ መለሰልኝ። እኔ ደግሞ ቆይ ስባል የባሰ እሄዳለሁ። በአጥሩ ሥር ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ አሸተትኩም። ሳቅብኝ፤ እውነቴን ነው፣ አንገቴን በአጥሩ ላይ አስግጌ አሸተትኩ። የቀለም ሽታ የሚባል ነገር የለም። መጋረጃዎቹ ግን በቀትር ተዘግተዋል።

አጥሩ ሥር ቆሜ ሳለ ጎረቤቱ፣ ያቺ ሬዲዮ የምንላት፣ ከበሯ ብቅ አለች። እሷ ዜና ለማንበብ ጠያቂ አትፈልግም። ማክሰኞና ዓርብ ከቀትር በፊት ቦርሳ ያንጠለጠለች ደርባባ ሴት ትመጣለች፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ትሄዳለች አለችኝ። አባትሽ ጺማቸውን አሳድገዋል አለችኝ። ጠረጴዛ ላይ የሚቆም መስታወት ገዝተው በክንዳቸው አቅፈው ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ አለችኝ። ከሁሉ የገረማት ግን ፉጨቱ ነው። ሃያ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ሲያፏጩ ሰምቼ አላውቅም፣ አሁን ጠዋት ያፏጫሉ፣ ቀን ያፏጫሉ፣ ሴትየዋ ስትመጣማ እንደ ጎረምሳ ነው የሚያፏጩት አለች። ከዚያ ብቸኝነት ከባድ ነው፣ አይፈረድባቸውም ብላ ዓይኗን ጠቀሰችኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራውን የሰማሁት የመጨረሻዋ ሰው እኔ ነበርኩ። ጺም፣ መስታወት፣ ፉጨት፣ ደርባባ ሴት፣ በሳምንት ሁለት መቶ ናፕኪን። አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር? የልጁን ሰርግ አልመጣም ያለው የራሱን እያሰናዳ ስለሆነ ነው አልኩ። ዓይኔ ደክሟል ብሎ ጨርቅህን የመለሰው ለራሱ እየሰፋ ነው አልኩ። እናታችን የምትቀመጥበት ወንበር፣ ያ በመስኮቱ በኩል ያለው፣ ሌላ ሴት ቦርሳዋን ስታንጠለጥልበት ታየኝና ቆሽቴ አረረ። ለአንተ ስላልነገርኩህ ይቅርታ አድርግልኝ። ይዤ ላሳይህ ፈልጌ ነው፣ ደግሞም ትንሽ አፍሬበት ነው።

አሁን የምጽፈውን ለባለቤቴም አልነገርኩትም።

በስድስተኛው ሳምንት አራት እሽግ ላኪልኝ ሲል፣ ሱቁ ጓዳ ወደ አከፋፋዩ ልመልሰው ያስቀመጥኩት አንድ ካርቶን ነበር። ሮዝ ሆኖ አበባ ያለበት ነጠላ ወረቀት ነው። ሲያዩት ያምራል። ከንፈር ሲነካ ይጣበቃል፣ ሲረጥብ ይፈረፈራል፣ ቀለሙ ደግሞ ይለቃል። አንዲት ደንበኛዬ ለልጇ ልደት ወስዳ ልጆቹ ሁሉ አገጫቸው ሮዝ ሆኖ ስለወጡ ሱቄ ድረስ መጥታ ስትሰድበኝ ውላለች። ጠላት የማይሰጠውን ናፕኪን አራት እሽግ ቆጥሬ፣ በንጹሕ ከረጢት አድርጌ ለአባቴ ላክሁለት። ያቺ ሴት አፏን ስትጠርግበት ታፍር፣ እሱም በእሷ ፊት ይፈር ብዬ። ንዴቴ ሲወጣልኝ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም ጻፍኩልህ፣ ሙሉውን እወቀው።

ከረጢቱ የደረሰው ማክሰኞ ነው። ዓርብ ዕለት ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ፣ እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው። የጓሮው በር ቁልፍ ከእናታችን ጊዜ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው። መንገዱን ሙሉ ንግግሬን ሳጠና ነበር። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ የሚጀምር፣ እየቆየ የሚመር ንግግር ነበር።

በጓሮ ገብቼ ማድ ቤቱ ውስጥ ቆምኩ። ከሳሎን ፉጨት ይሰማል። ፉጨት አልኩ እንጂ ዜማ የሌለው፣ ትንፋሹ የበዛበት ነገር ነው። ከዚያ የሴትየዋ ድምፅ ጎበዝ፣ አሁን ደግሞ አምስት ጊዜ ይድገሙልኝ አለ። የወደደችውን ሰው አንቱ የምትል ምን ዓይነት ሴት ናት ብዬ ተገረምኩ። ያን ጊዜ እንኳ አልገባኝም። ሰው የጠረጠረውን ብቻ ነው የሚሰማው። በሩን ከፈትኩት።

ወንድሜ፣ ያየሁትን አልጽፍልህም። የእናታችን አጥንት ይፋረደኝ ብዬ ለአባባ ምዬለታለሁ፣ ለአንተ እንዳልናገር። የራሴን ጉድ ግን እንዳልናገር አላስማለኝም።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ሾርባና አንድ ማንኪያ ነበር፤ ሌላ ሳህን የለም። ከሳህኑ ፊት መስታወቱ ቆሟል። ሴትየዋ ነጭ ጋውን ለብሳለች፤ ቦርሳዋ መሬት ላይ ነው፣ የእናታችን ወንበር ባዶ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ቅርጫት የኔን ናፕኪኖች ጠግቦ ሞልቶ ፈሷል። አባባ ገና ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከመዞሩ በፊት ግን ጺሙን አይቼዋለሁ። በግራ በኩል፣ ከከንፈሩ ዳር እስከ አገጩ፣ የላክሁለት ሮዝ ወረቀት ተበጣጥሶ ተጣብቆበታል። ከሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቷል። ቀለሙ ለቆበት ይሁን ወይስ ሲፈትገው ቆስሎ፣ እስካሁን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ሴትየዋ ዕቃዋን ሰብስባ ስትወጣ እስከ በሩ ሸኘኋት። ታጋሽ ናቸው፣ የታዘዙትን ሁሉ በቀን ሦስት ጊዜ ይሠራሉ፣ ቀስ በቀስ ነው እንጂ ይሻላል አለችኝ። ስለ ሰርጉ ነገርኳትና ይደርሳል ወይ አልኳት። አይደርስም አለችኝ። ምኑ እንደማይደርስ አትጠይቀኝ።

ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለብ ያለ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ አምጥቼ ከጺሙ ላይ ብጥስጣሹን አንድ በአንድ አነሳሁለት። እንደ ሕፃን አገጩን ሰጥቶኝ ተቀመጠ፤ ያ የማይነካ፣ የማይታቀፍ አባታችን። አለቀስኩ፤ እሱ የታዘበኝ አልመሰለኝም። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ቃሉን ለመለየት ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ።

"ነጠላ መሆኑን ገና ስነካው አውቄዋለሁ" አለኝ። "ሃምሳ ዓመት ጨርቅ የዳሰሰ እጅ ነው። ልጄ ጥሩው አልቆባት፣ ሥራው ከብዷት ነው እንጂ ለኔ ይህን አትልክም አልኩ። እንዳላሳፍርሽ ብዬ ዝም ብዬ ተጠቀምኩበት።"

አውቄ ነው የላክሁት ልለው አፌን ከፈትኩ። ያን ዕለት አልነገርኩትም፣ ከዚያም ወዲህ በየቀኑ እየሄድኩ አልነገርኩትም። አንድ ቀን እነግረዋለሁ። እስከዚያው አንተ ያዝልኝ፣ ብቻዬን ከበደኝ።

ስለ አንተም ጠየቅሁት። ልጅህ ሙሽራዬን ንቀሃታል ብሎ አዝኗል፣ ወንበርህን ለሌላ ስጪው ብሎኛል አልኩት። መልእክትህን አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ ያነባት መሰለኝ፣ አጭር ሆና ሳለ። ቢያዝንብኝ ይሻላል አለኝ። ለምን ብዬ ያዝኩት። እዚህ ላይ የተናገረውን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፣ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ሙሽራይቱ ስለሆነ መሐላዬን አይነካብኝም።

"ካወቀ ሰርጉን ያራዝማል፤ ልጄን አውቀዋለሁ። ያቺን ልጅ አንዴ አራዝመውባታል። ሁለተኛ የሚያራዝምባት የኔ ቤት አይሆንም።"

አላራዝምም ብሎ ቢምልልህስ፣ ትመጣለህ ወይ አልኩት። ሦስት መቶ ሰው ሙሽሪትን ትቶ እኔን ሲያይ ሊውል ነው ወይ አለኝ። ከዚያ አስማለኝ።

እንግዲህ እስካሁን ምንም አልነገርኩህም። ስለ ጺም፣ ስለ ሾርባና ስለ ወረቀት ነው የጻፍኩት። ስለ ጨርቅህም አንድ ነገር ልበልና ይብቃኝ። ዓይኑ ደህና ነው፤ እኔ ፊት በአንድ ጊዜ መርፌ ውስጥ ክር አስገብቷል። ልጆች ሆነን ልብስ ሲለካን እንዴት እንደነበረ አስታውስ። ስፒሎቹን ሁሉ ከንፈሩ መካከል ደርድሮ፣ አንዲት ሳትወድቅ፣ በስፒሎቹ መሃል እየቀለደ ያስቀን ነበር። ያለ ስፒል ደግሞ ልብስ አይሰፋም። በል ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ እዚህ ላይ ላቁም።

አሁን ወደ ሥራችን። ናፕኪኑን መርጫለሁ። ነጩ ይቅር፤ ነጭ ያየውን ሁሉ ይናገራል። ወርቅማው ህትመትም ይቅር፤ ቀለም ያረፈበት ቦታ ምንም አይመጥም፣ ከንፈርም ይቧጭራል። የመረጥኩት ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ነው፣ ትልቁ፣ ባለ ሦስት ድርቡ። አርጥቤ የእጄን አንጓ ሃያ ጊዜ ፈትጌበታለሁ፣ አልተፈረፈረም። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጬ ግማሽ ቀን ጠብቄዋለሁ፣ ቀለሙ አልለቀቀም። ለእያንዳንዱ ሰው አራት አራት፣ ለሦስት መቶውም አንድ ዓይነት ይሁን። ለማንም የተለየ እንዳይቀመጥ፣ ይህን አደራ። ሙሽራይቱ ስማችን ቀረ ብላ እንዳታዝን፣ መግቢያው ላይ የሚቆመውን ካርድ በወርቅማ እኔ አሳትምላታለሁ፣ ስጦታዬ ነው።

ሾርባ አታቅርቡ። ሩዝም ይቅር። ለስለስ ያለና በሹካ በደንብ የሚያዝ ነገር ይሁን። አንተም ሙሽራ ነኝ ብለህ እንደ ሐውልት አትቀመጥ፤ እየበላህ አፍህን ጥረግ፣ አገጭህን ጥረግ፣ ደጋግመህ። ሚዜዎችህም እንደዚያው ያድርጉ። ከዚያ ወዲያ ናፕኪን ማንሳት የጠረጴዛው ወግ ይሆናል። ፎቶ አንሺውን በዋናው ጠረጴዛ ከተቀመጡት በቀኝ በኩል ብቻ ቆሞ እንዲያነሳ ንገረው። ምክንያት ከጠየቀህ ብርሃኑ እዚያ ያምራል በለው፤ እነሱ ብርሃን ሲባል አይከራከሩም።

ቀኑን እንዳታራዝም። ሰርጉ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፣ አንዲት ቀን እንዳትነካ። ነገ ተነስተህም እንዳትመጣ፤ በሩን ስታንኳኳ መሐላዬን የበላሁ ይመስለዋል፣ ከዚያ ወዲያ ለኔም አይከፍትልኝም። ደውለህ አትለምነው፣ ለምነኸው እምቢ ብሎሃል። የምትጽፍለት ሙሽራይቱ ትሁን። አጭር ይሁን፣ ረጅም ጽሑፍ አይወድም። እንዲህ ትበለው፦ ከዋናው ጠረጴዛ ዳር፣ ከግድግዳው ሁለተኛውን ወንበር ይዤልዎታለሁ። በግራዎ በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ። ከእኔ ወዲያ ግድግዳ ነው፣ ሌላ ሰው የለም።

ሙሽራ መሃል ነው የምትቀመጠው ይሉሃል። ይበሉ። ለምን ብላ ከጠየቀችህ፣ እህቴ ትንሽ ነካ ያደርጋታል ልትላት ትችላለህ፤ ወይም ይህን ደብዳቤ አስነብባት። ለእሷ እንዳልናገር አላስማለኝም። ስታነብ ፊቷን አይተህ ጻፍልኝ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደምታገባ በዚያ አውቃለሁ። እኔ መቼም መጠርጠር አልተውም።

ይመጣል ብዬ ቃል አልገባልህም። ግትርነቱን ታውቀዋለህ፣ ግማሹን ለአንተ ግማሹን ለኔ አውርሶ አሁንም አልጎደለበትም። ወንበሩን ግን ለማንም አትስጥ። ባዶ ከሆነ ባዶ ይዋል።

ትናንት ልሰናበተው ስነሳ ቆይ አለኝና የልብስ ንድፍ ከሚያወጣበት ከዚያ ቡናማ ወረቀት ቀዶ፣ በእርሳስ አንድ መስመር ጻፈ። "ለሁለቱ ልጆቼ፣ ቀናችሁ ይቃና" ይላል። የአንተና የኔ መስሎኝ ለኔ ደግሞ የምን ቀን አለኝ ብዬ ሳቅሁበት። ራሱን ነቀነቀ።

"አንቺን አይደለም" አለኝ። "እሱንና እሷን ነው።"

አልዋሽህም፣ ትንሽ ቀናሁ። ወረቀቱን ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሃለሁ። አጥፈህ ኪስህ እንዳትከተው፤ ለእሷ ስጣት።

ሰላማችሁን ያብዛው፣ ትዳራችሁን ያጽናው፣ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ወሬ ይሰውራችሁ። በተቀመጣችሁበት ገበታ ሁሉ አንዱ ለሌላው ከለላ ይሁን።

ጠርጣራዋ እህትህ